ሬክስ የሚሰማበት ስም

«ሬክስ ዛሬ ፈተናውን ካለፈ ሰኞ ጠዋት አባባን በመኪናዬ አደርሳቸዋለሁ» ሲል ገመዳ ሳሎን ውስጥ ሆኖ ለሚስቱ የተናገረውን፣ ጋሽ ኃይለ መስቀል መስኮቱ ሥር የረገፈውን ቅጠል እየጠረጉ ሰሙት። አባባ የተባሉት እሳቸው ናቸው። ሊሰሙ ብለው አልነበረም። መስኮቱ ክፍት ነው፤ መጥረጊያ ደግሞ ቅጠል ያለበት ይሄዳል። ገመዳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩንም ያነሣው ዳቦው ላይ ማርማላታ እየቀባ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ ነው። የሠለጠነ ውሻ ካለ ዘበኛ አያስፈልግም። የመብራት ፈረቃው መቼ እንደሚያበቃ ስለማይታወቅ አዲሱ ጄኔሬተር ዝናብ የማይነካው ክፍል ይፈልጋል፤ በሩ አጠገብ ያለችው የአባባ ክፍል ደግሞ ልኩ ናት። እንጦጦ ማርያም አካባቢ ሽማግሌው ድሮ የሚያውቋቸው ሰዎች ስላሉ እዚያ አንድ ቤት ይከራይላቸዋል፤ «አየሩም ይስማማቸዋል» አለ። እንግዲህ ሥራቸውን ውሻ፣ ክፍላቸውን ጄኔሬተር ሊረከባቸው ነው። ጋሽ ኃይለ መስቀል መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመው የጠበቁት ግን የገመዳን ቃል አልነበረም፤ የፌበንን ነው። የገመዳ ሚስት ፌበን የታላቅ ወንድማቸው የበላይነህ ልጅ ናት። «አይሆንም» ባትል እንኳ «እስቲ እናስብበት» ትላለች ብለው ጠበቁ። ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ሰሙ፤ ሌላ ምንም አልሰሙም።

ዘበኛ ሊሆኑ አልመጡም። የዛሬ አራት ዓመት ባለቤታቸው ፈትለወርቅ ስታርፍ፣ ፌበን ራሷ እንጦጦ ድረስ ወጥታ «አጎቴ፣ እኔ እያለሁ ብቻዎን አይቀመጡም» ብላ እጃቸውን ይዛ ነው ያመጣቻቸው። እሳቸው ሃያ ስምንት ዓመት የደን ጥበቃ ሆነው ባሕር ዛፍ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቁጭ ብሎ መብላት አያውቁበትም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን በገቡ በሳምንታቸው የገመዳ መኪና ደጅ ላይ ክላክስ ሲያደርግ ሠራተኛዋ እጇ አረፋ ውስጥ ነበር፤ እንግዳ ሆኜ ከምጎለት ብለው ተነሥተው በሩን ከፈቱ። ስሕተታቸው ያቺ ናት። በማግሥቱ ክላክሱ ሲጮኽ የቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ እሳቸውን አየ። ቀጥሎ ካፖርት ተገዛላቸው፤ ቀጥሎ የእጅ ባትሪ፤ ቀጥሎ ከዋናው ቤት ወጥተው በሩ አጠገብ ያለችው ክፍል ተሰጠቻቸው። ማንም «ዘበኛ ይሁኑ» አላላቸውም፤ እሳቸውም «አልሆንም» የሚሉበት ቀን አላገኙም። ፌበንም ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ሳይታወቅ «አጎቴ» ማለቱን ትታ እንደ ባሏና እንደ ሠራተኛዋ «አባባ» ትላቸው ጀመር። አባባ ደግ ስም ነው፤ ግን የማንም ሽማግሌ ስም ነው። መንገድ ጠራጊውንም አባባ ነው የሚሉት።

ቧንቧው ሥር ውሻውን በሳሙና ሲያሹት የፌበን ልጅ ፊልሞና ፒጃማዋን እንደለበሰች መጥታ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ስድስት ዓመቷ ነው። «ሬክስ ዛሬ ይመረቃል?» አለቻቸው።

«ካለፈ ይመረቃል።»

«አባባስ ተመርቀዋል?»

«እኔ እንኳ ሰኞ ነው የምመረቅ» አሏት። ልጅቷ ደስ አላትና ለእናቷ ልትነግር ሮጠች። ጋሽ ኃይለ መስቀል ቀልዳቸው መረራቸው፤ ልጅ ፊት እንዲህ መናገራቸው ቆጫቸው።

የውሻ ማሠልጠኛው ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ ከሚያወጣው አስፋልት ዳር፣ ባሕር ዛፉ ከመጀመሩ በፊት ያለች ሜዳ ናት። ሃምሳ አለቃ ወንድይራድ የሚባል ጡረታ የወጣ የሠራዊት ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት ስምንት ውሻ ያስተምርባታል፤ በወር ሦስት መቶ ብር። ገመዳ ውሻውን ያስመዘገበው የካቲት ላይ ነው፤ ይኸው ግንቦት ደረሰ። የመኪናው ወንበር ፀጉር እንዳይዝ ተብሎ ሬክስ በእግሩ ይሄዳል፤ ሬክስ በእግሩ ከሄደ ደግሞ ጋሽ ኃይለ መስቀልም በእግራቸው ይሄዳሉ። ገመዳ ከኋላ በመኪና ይደርሳል። ዛሬ ፈተና ስለሆነ ፌበንና ልጅቷም አብረው ይመጣሉ። ዳገቱን ሲጀምሩ ባለሱቁ እንደ ወትሮው ከመደርደሪያው ጀርባ አንገቱን አስግጎ «ጋሼ፣ ውሻው ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» አለ። «ዛሬ ማትሪክ ይፈተናል» አሉት። «ያልፋል?» ሲላቸው፣ «እንጃ፤ እንግሊዝኛው ይከብደዋል» ብለው አለፉ። እውነትም ገመዳ ውሻውን የሚያዝዘው በእንግሊዝኛ ነው፤ «ሲት» ይለዋል፣ «ስቴይ» ይለዋል፤ ውሻው የሚታዘዘው ግን የእጁን ምልክት እያየ ነው። ጋሽ ኃይለ መስቀል ዳገቱን ሲወጡ ስለሌላ ነገር ላለማሰብ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ውሻው ቢወድቅ ትምህርቱን ሦስት ወር ይደግማል፤ እሳቸውም ቢያንስ እስከ መስከረም ክፍላቸው ውስጥ ይቆያሉ። በዘመናቸው ሙሉ ሰው እንዲወድቅ ተመኝተው አያውቁም፤ ዛሬ ውሻ እንዲወድቅ እየተመኙ ነው። አፈሩ። እንደሚወድቅ ግን ያውቁ ነበር፤ የሚወድቅበትንም ምክንያት ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ሬክስ ሬክስ መባሉን አያውቅም።

ከእንጦጦ ጀርባ እሳቸው ባደጉበት አገር ለውሻ የሚወጣ ስም ለውሻው አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። ፊት ለፊት ቢናገሩት የሚያጣላ ነገር ሲኖር ለውሻ ስም ያደርጉታል፤ ከዚያ ደጅ ላይ ቆሞ ውሻን መጥራት ነው፤ የሚመለከተው ይሰማል። አባታቸው ወሰን የገፋባቸውን ጎረቤት ለመናገር ውሻቸውን «ፍርድ አይቀርም» ቢሉት፣ ጎረቤትየው የራሱን «እናያለን» ብሎ ሰየመና ሁለቱ ሽማግሌዎች ስምንት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ሳይለዋወጡ በውሻ ሲነጋገሩ ኖሩ። ፌበን ልጅ ሆና ክረምት ክረምት ወደ አያቷ ስትመጣ ይህን እየሰማች በሳቅ ትንከተከት ነበር። እንግዲህ ሬክስ ቡችላ ሆኖ የመጣ ሰሞን፣ ገመዳ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹን ምሳ ጋበዘ። አንዱ እንግዳ እጁን ሊታጠብ ወጥቶ ጋሽ ኃይለ መስቀልን ሲያይ «እኚህስ?» ብሎ ጠየቀ። ገመዳ «ግቢያችንን የሚጠብቁልን አባባ ናቸው» አለ። ፌበን ጁስ እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ብርጭቆው ተመለሰች። ያን ዕለት ጋሽ ኃይለ መስቀል ክፍላቸው ገብተው ቡችላውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ስም አወጡለት። «ማን አለኝ» አሉት። ደጅ ቆመው ግን አልጠሩበትም። ሊሰማ የወጣውን ስም በሹክሹክታ አስቀሩት፤ ፌበን ብትሰማ ታፍራለች ብለው ሰጉ። ጎረቤት ሲጠይቃቸውም «እዚህ ነው የምሠራው» ይላሉ እንጂ «የወንድሜ ልጅ ቤት ነው» ብለው አያውቁም፤ አጎቷን በር ላይ አስቀመጠች እንዳትባል። ቡችላው ግን በሹክሹክታም ቢሆን ስሙን ለመደው፤ ሌላውን ስም እንደ ነፋስ ጩኸት ይሰማዋል።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ገመዳ መኪናውን አቁሞ እየጠበቀ ነበር። ፌበን ጥላ ይዛ ከልጇ ጋር ዳር ቆማለች። «ደከሙ አባባ?» አለቻቸው። «ኧረ ደኅና ነኝ» አሏት። የጠዋቱን እንደሰሙ ታውቅ እንደሆነ ፊቷን አዩ፤ ፊቷ ላይ ምንም አላነበቡም፤ ፀሐይ መከታ ወደ ሌላ በኩል ዞረች። ሃምሳ አለቃ ወንድይራድ ውሾቹን በተራ አስገባ። የአንዱ የላምበረት ነጋዴ ውሻ የሚያህል ትልቅ ውሻ አልነበረም፤ እሱ ግን «ተኛ» ሲባል ተኝቶ በዚያው እንቅልፍ ወሰደውና ሰው ሁሉ ሳቀ። የሬክስ ተራ ደረሰ። ገመዳ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ገባ። ውሻው ቁጭ አለ፣ ተኛ፣ ተነሣ፣ ከጎኑ ሄደ። ሰው አጨበጨበ፤ ፊልሞና ዘለለች። የመጨረሻው ጥሪ ነበር። ገመዳ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ቆመና «ሬክስ፣ ካም!» ብሎ ጠራ። ውሻው አንገቱን አዞረና ጋሽ ኃይለ መስቀልን አየ። «ሬክስ! ካም!» ውሻው አሁንም እሳቸውን አየ። ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ጋሽ ኃይለ መስቀል ከዳር ሆነው ከንፈራቸውን ብቻ በማንቀሳቀስ ያስነሡት ነበር። ዛሬ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ገመዳ ላብ ላብ አለው፤ ሃምሳ አለቃውም ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫረ። መስከረም፣ ብለው አሰቡ ጋሽ ኃይለ መስቀል። እስከ መስከረም እግዜር ያውቃል።

በዚህ መሃል ከአስፋልቱ ማዶ አንዲት የመንደር ውሻ ከቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ አለች። ሬክስ አያትና ቀጥ ብሎ ወደ አስፋልቱ ተፈተለከ። ከላይ ድንጋይ የጫነ አይሱዙ ቁልቁለቱን ይምዘገዘጋል፤ ፍሬኑ ሲያቃስት ከሩቅ ይሰማል። ገመዳ «ሬክስ! ስቶፕ! ሬክስ!» እያለ ሮጠ። ፊልሞና ጮኸች። ጋሽ ኃይለ መስቀል በዚያች ቅጽበት ያሰቡትን እስኪሞቱ ድረስ ለንስሐ አባታቸውም የሚናገሩት አይመስላቸውም፦ ውሻው ቢሞት ሰኞ የለም። አሰቡት። ከዚያ ደረታቸውን የሆነ ነገር ገፋውና፣ ሁለት ዓመት በሹክሹክታ የያዙትን ስም ሃያ ስምንት ዓመት ደን ውስጥ በጮኹበት ድምፅ ለቀቁት።

«ማን አለኝ! ማን አለኝ፣ ተመለስ!»

ውሻው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ እንደተተከለ ቆመ። አይሱዙው አቧራውን አልብሶት አለፈ። ውሻው ዞረ፤ ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ ጋሽ ኃይለ መስቀል እግር ሥር ቁጭ አለ፤ ምላሱን አውጥቶ እንደሚመሰገን ተማሪ ቀና ብሎ አያቸው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከሚያጨበጭቡት መካከል ፌበን አልነበረችም። ጥላዋ ከእጇ ወድቆ ሣሩ ላይ ይንከባለላል፤ እሷ አጎቷን ታያለች። የአያቷ ደጅ፣ ፍርድ አይቀርምና እናያለን፣ ሁሉም በፊቷ ላይ ሲያልፍ ጋሽ ኃይለ መስቀል አዩት። ሰምታለች። ለማን እንደሆነም ገብቷታል።

«ይሄ ነው ጥሪ ማለት!» አለ ሃምሳ አለቃ ወንድይራድ እየሳቀ። ገመዳን ግን ወቀሰው። «ጥፋቱ የውሻው አይደለም አቶ ገመዳ። ሦስት ወር ሙሉ የሌላ ውሻ ስም ነው ስትጠሩት የከረማችሁት። እንዲህ ጆሮ ያለው ውሻ አልጥልም፤ አሳልፈዋለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ሰው በሙሉ በሚሰማበት ስም ይጥራው። በቀን ሃያ ሃያ ጊዜ፣ እያንዳንድሽ። በአንድ ሰው አፍ ብቻ የሚሰማ ውሻ የዚያ ሰው ነው እንጂ የቤቱ አይደለም።» ከዚያ የምስክር ወረቀቱን አወጣና «የውሻው ስም» በሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶውን ደቅኖ ሽማግሌውን አየ። «ማን አለኝ» አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል ዝቅ ባለ ድምፅ። ሃምሳ አለቃው መንዝ ያደገ ሰው ነው። እስክሪብቶው ለአፍታ ቆመ፤ ካፖርታቸውን አየ፣ ፌበንን አየ፣ ጻፈው። ገመዳ ደግሞ የነቀምት ከተማ ልጅ ነው፤ እሱ ባደገበት ሰፈር ውሾች ሁሉ ቦቢና ጃክ ነው ስማቸው። «ደስ የሚል ስም ነው፤ የአገር ቤት ስም ነው አይደል?» አለና ወረቀቱን ተቀበለ። ፌበን ቀድማ መኪና ውስጥ ገብታ ነበር። መስኮቱን ዘግታዋለች።

ከምሳ በኋላ ገመዳ ሥራውን ጀመረ። የተባለውን በልኩ የሚፈጽም ሰው ነው፤ ሂሳብ ሹም ነው። ከሥጋ ቤት የመጣውን ሳንባ በትንንሹ አስቆርጦ በሳህን ያዘና በረንዳው ላይ ቆመ። ሃምሳ አለቃው ጥሪ ከደረት ነው ብሏልና ከደረቱ ጠራ። «ማን አለኝ! ማን አለኝ፣ ና!» ድምፁ የግንቡን አጥር ዘሎ ሰፈሩን አዳረሰ። ጋሽ ኃይለ መስቀል በራቸው ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሰሙ ቁጥር ሰውነታቸው ይሰበሰባል። የራሳቸውን የሆድ ብሶት ሌላ ሰው በሳንባ የሚሸጠው መሰላቸው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥሪዎች ውሻው እሳቸውን እያየ አመነታ። በስድስተኛው ሄደ። በአሥረኛው ሮጠ። ፊልሞና ተቀበለችና በቀጭን ድምፅዋ እየዘለለች ጠራችው፤ ለሷም መጣላት። «አንቺስ?» አለ ገመዳ ወደ መስኮቱ ዞሮ። ፌበን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና «ራሴን አሞኛል» አለች። ገመዳ የሷንም ድርሻ ልሙላ ብሎ እንደገና ከአንድ ጀመረ። ጋሽ ኃይለ መስቀል ወደ ክፍላቸው ገብተው ሳጥናቸውን ከአልጋው ሥር ሳቡ። ሁለት ሸሚዝ፣ የፈትለወርቅ ነጠላ፣ የዳዊት መጽሐፋቸው፤ ለሰኞ ብዙ የሚጠቀለል ነገር የላቸውም። ነጠላውን እያጠፉ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ያው ልማድ ነውና ወጥተው ከፈቱ።

ወይዘሮ ወርቄ ናቸው፤ በግንብ የሚዋሰኑት ጎረቤት። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ፈረንሳይ አስፋልት ሳይገባ ጀምሮ የነበሩ ሰው ናቸው። «ጤና ይስጥልኝ አባባ፤ ጌቶችዎ አሉ?» አሉ እንደ ወትሯቸው፤ መልስ ሳይጠብቁ ግን አልፈው ገቡ፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ ጠምጥመዋል። ገመዳ ሳህኑን እንደያዘ ፈገግ ብሎ ሊቀበላቸው ወረደ። ወይዘሮ ወርቄ ፈገግ አላሉም።

«ልጄ ገመዳ፣ በዚህ ዕድሜዬ በውሻ አልሰደብም» አሉ። «የጄኔሬተሩን ጭስ ወደ ማዶ አዙሩልኝ ማለቴ ነው ጥፋቴ? እሱን ብል ነው ይሄ ሁሉ? ይቺ ሕፃን ስትወለድ ገንፎ ያገነፋሁ እኔ፤ አባትህ ሲሞቱ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ያደርኩ እኔ። ‹ማን አለኝ› ይባላል እንዴ? እኔ አልነበርኩም?»

«እማማ፣ አልገባኝም…» አለ ገመዳ ግራ ተጋብቶ። «የውሻው ስም እኮ ነው።»

«የውሻ ስም መሆኑንማ አውቄ ነው የመጣሁት!»

ገመዳ ሊስቅ ፈለገና ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ሲያይ ተወው። ወደ ቤቱ ዞረ። ፌበን በረንዳው ላይ ወጥታ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ ያለቀሰች ይመስላል፤ ዓይኗ አብጧል። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች፤ ወይዘሮ ወርቄን እጃቸውን ያዘች።

«ለእርስዎ አይደለም እማማ ወርቄ። ማርያምን፣ ለእርስዎ አይደለም።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

ፌበን መሬት መሬት አየች። ጋሽ ኃይለ መስቀል የበሩን እጀታ እንደያዙ ቀርተዋል፤ ልሽሽ ቢሉ የሚሸሹበት ቦታ አልነበራቸውም። ልጄ ተይው፣ ሊሏት ፈለጉ። የውሻ ስም ነው በያቸውና ይሂዱ። ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ ስትናገረው ለመስማት ጓጉ።

«ለኔ ነው» አለች ፌበን።

«ማን አወጣብሽ?»

«አጎቴ።»

«አጎት አለሽ እንዴ? የታሉ?»

ፌበን በእጇ አላመለከተችም። ዓይኗን ብቻ ወደ በሩ ወሰደች። ወይዘሮ ወርቄ ዓይኗን ተከትለው ዞሩ፤ እዚያ ከካፖርቱ ጋር ከቆሙት ከዘበኛው በቀር ሰው አላዩም። መልሰው ፌበንን አዩ፤ እንደገና ወደ በሩ ዞሩ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

«እኒህ?»

«የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው» አለች ፌበን።

ወይዘሮ ወርቄ ብዙ አልተናገሩም፤ ቢናገሩ ይሻል ነበር። ወደ በሩ ተመልሰው ሄደው ጋሽ ኃይለ መስቀልን ጎንበስ ብለው ሳሟቸውና «ይቅር ይበሉኝ ወንድሜ፤ አራት ዓመት ሙሉ ‹ጌቶችዎ አሉ› እያልኩ» አሏቸው። ጋሽ ኃይለ መስቀል «ኧረ ምን በወጣዎ፣ እኔም አልነገርኩዎ» አሉ። ሴትዮዋ ሲወጡ ግን ዞር ብለው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው በሚመስል ድምፅ «ፌበን፣ ሰኞ የተክልዬ ጠበል ጠዲቅ አለኝ፤ የእድሩ ሰው በሙሉ ይመጣል። እናንተ ባትመጡ እንኳ አጎትሽ ይመጣሉ። ራሴ መጥቼ ነው የምወስዳቸው» አሉ። ገመዳ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሚስቱን «ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?» አላት፤ ግን ምኑን እንዳልነገረችው እሱም አያውቅም፤ አጎቷ መሆናቸውን ያውቃል። ሽማግሌውን ደፍሮ አላያቸውም። የመኪናውን ቁልፍ ያዘና ወጣ፤ ጋሽ ኃይለ መስቀል ከፍተው ዘጉለት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራቱ በፈረቃው ጠፋ። ጄኔሬተሩን የሚያስነሣ ሰው ስላልነበር ቤቱ በሻማ ሆነ። እራታቸውን ሁልጊዜ የምታመጣው ሠራተኛዋ ናት፤ ዛሬ ፌበን ራሷ ይዛ መጣች። ክፍላቸው ውስጥ ሲገባ ጎንበስ ማለት እንዳለባት አታውቅም ነበርና ግንባሯን የበሩ ጉበን መታት። ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። የምትቀመጥበት ወንበር ፈለገች፤ የለም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ያልተዘጋውን ሳጥን፣ የታጠፈውን ነጠላ አየች። ውሻው ደፉ ላይ ተኝቷል። ውጭ ነፋሱ የባሕር ዛፉን ቅጠል ይነዳል፤ ነገ ጠዋት የሚጠረግ ነው። ጋሽ ኃይለ መስቀል አንድ ጉርሻ ጎረሱ፤ ሁለተኛውን ጠቅልለው ያዙት። ብዙ ነገር ሊነግሯት አስበው ነበር፤ ስለ አባቷ፣ ስለ ጁሱ ቀን፤ ጠዋት መስኮቱ ሥር ስለሰሙት።

«ሰኞ የለም» አለች ፌበን በመጨረሻ። እሳቸውን ሳይሆን ሻማውን ነበር የምታየው። «ጄኔሬተሩን ከጓሮ እናደርገዋለን።»

ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ደስም ብሏቸዋል፤ ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ድረስ። ግን ከደስታው ሥር አንዲት ጥያቄ ተነሥታ ጉሮሯቸው ላይ ቆመች፦ ከልብሽ ነው፣ ወይስ ወይዘሮ ወርቄን ፈርተሽ? ያስቀራቸው ሥጋዋ ነው ወይስ ይሉኝታዋ? ሰኞ ጠዋት ጎረቤት አጎቷን ለጠበል ጠዲቅ ሊወስድ መጥቶ ባዶ ክፍል እንዳያገኝ ብላ ይሆናል። ሊጠይቋት አፋቸውን ከፈቱ። መልሱን ፈሩና ጉርሻውን ጎረሱበት። እሷም ጥያቄውን የጠበቀች መሰለች፤ ሲጎርሱ ስታይ ትከሻዋ ወረደ።

በዚህ ጊዜ ደጅ ላይ የገመዳ መኪና ክላክስ አደረገ።

ሁለቱም ቀና አሉ። ጋሽ ኃይለ መስቀል እግራቸው ሊነሣ ሲል ያዙት። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ክላክስ ሰምተው ተቀመጡ። ፌበንን አዩ፤ ጠበቁ። ከሳቸው ይልቅ በሩ ለሷ ይቀርባል። «ተዉት አጎቴ፣ እኔ እከፍታለሁ» ብትላቸው፣ ይህቺን ብቻ ብትል፣ የጉሮሯቸው ጥያቄ መልስ ያገኛል። ፌበን ወደ በሩ አየች። ከዚያ እሳቸውን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ሻማው መለሰች።

መኪናው ደግሞ ጮኸ፤ አሁን ረዘም አደረገው። ጋሽ ኃይለ መስቀል ሳህናቸውን አልጋው ላይ አስቀመጡ፤ ካፖርታቸውን ደርበው ሊከፍቱ ወጡ።